የተሽከርካሪ ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የነጯ ፒካፕ የኋላ ፍሬን

በወላጆች ቀን ከክበባችን ጠረጴዛ ፊት የቆሙ አንድ አባት የተሽከርካሪ ጥገና ክበብ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደ ቆየ ጠየቁኝ። ከአንዲት መኪና የኋላ ፍሬን አየር ስናስወጣ ነበር ብዬ ስመልስላቸው፣ ይህማ አንድ መካኒክ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ አይደለም ወይ አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በዚያ ግርግር መካከል ላስረዳቸው ያልቻልሁትን በዚህ ዘገባ ለእርሳቸውም ለሌሎች ወላጆችም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ክበቡ በጥቅምት ወር በ34 አባላት ሥራ ጀመረ፤ ከእነዚህም 13ቱ ሴቶች ናቸው። ኮሚቴ ተመርጧል፣ ደንብ ጸድቋል፣ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ስብሰባ ተደርጓል፣ በጠዋት ሰልፍ ላይም ስለ መንገድ ደኅንነት ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ቀርበዋል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤያችን ስላለ አልደግመውም።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የቆመችውን የትምህርት ቤታችንን ነጭ ሃይሉክስ ፒካፕ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከስድስት ዓመት በላይ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። በዚህ ዓመት እንድንማርባት ስትሰጠን ሞተሯን ለማስነሣት የቸኮሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔ ግን መቆም የማይችል መኪና መነሣት የለበትም ብዬ ከፍሬኑ እንድንጀምር ወሰንሁ። የአዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ከሆነው ከቱሉ ዲምቱ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት፣ የጭነት መኪና ድምፅ እየሰሙ ለሚማሩ ልጆች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገኝም።

መኪና ሲቆም ፍሬኑ እንደ ነበረ አይቆይም። ዶት 3 የሚባለው የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የመምጠጥ ጠባይ አለው። አዲስ ሲሆን የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ሲኖርበት፣ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ውኃው ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል፤ የተበላሸው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ይረጋል፤ የጎማ ክፍሎች ያብጣሉ ወይም ይደርቃሉ። የእኛዋን የዘይት ዕቃ ክዳን ስንከፍት ያገኘነው የደፈረሰ ጠላ የመሰለ ነገር ነበር።

የፊዚክስ መምህር ነኝና አየር ፍሬንን ለምን እንደሚያለሰልስ በሰሌዳ ላይ በስሌት አሳየኋቸው። ፔዳሉ የእግርን ኃይል 5 ጊዜ ያበዛል፣ የዋናው ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ፍሬኖቹ የሚገፋው ክፍል) ዲያሜትር ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ200 ኒውተን የረገጠ ሰው በዘይቱ ውስጥ ከ31 አትሞስፌር በላይ ግፊት ይፈጥራል። ዘይት በዚህ ግፊት ይጨመቃል አይባልም፤ አየር ግን ተጨምቆ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። በቱቦው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር አየር ቢኖር፣ ያን አየር ለመጨመቅ ብቻ ፔዳሉ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህን ስሌት ራሳቸው ከሠሩ በኋላ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ሳይዘጉ ፔዳሉን የሚለቅና አየር ተመልሶ እንዲገባ የሚያደርግ አባል አላየሁም።

የመጀመሪያው ችግር የደረሰው በኅዳር ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነበር። አየር ለማስወጣት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ እንዲረግጡ ፈቀድሁ። በዕለት ተዕለት አነዳድ የዋናው ሲሊንደር ጎማዎች (በውስጡ ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽጉት ቀለበቶች) የሚሄዱት በተወሰነ ርቀት ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል በቆመ መኪና ላይ ዝገት ይይዛል። ጎማዎቹ በዝገቱ ላይ ሲሄዱ ተቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ፔዳሉ በእግር ሥር ቀስ እያለ ይሰምጥ ጀመር። ከፔዳሉ በታች የእንጨት ታኮ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ዛሬ ታኮው በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ያለ እርሱ ሥራ አይጀመርም።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ በወላጆች ፈቃድ ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዤ ለዕቃ ግዢ መርካቶ ወረድን። ከቃሊቲ በባቡር አውቶቡስ ተራ ደርሰን ወደ ሶማሌ ተራ በእግር ሄድን። የመለዋወጫ ነጋዴ የሆኑ አንድ አዛውንት ይዘነው የሄድነውን አሮጌ የኋላ ፍሬን የጎማ ቱቦ ተቀብለው፣ ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት በቢላዋ ቆርጠው ውስጡን አሳዩን። ከውጭ ደህና የሚመስለው ቱቦ ከውስጥ አብጦ የቀረው ቀዳዳ የእርሳስ ጫፍ የሚያህል ነበር። በዚህ መኪና ላይ ወደ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ዘይት የሚያደርሰው ይህ አንድ ቱቦ መሆኑን የነገሯቸው እርሳቸው ናቸው። ልጆቹ የቱቦውን ቁራጭ እየተቀባበሉ እስከ ቃሊቲ ድረስ ሌላ ወሬ አላወሩም።

ቱቦው ተቀየረ፤ የዋናው ሲሊንደር ጎማዎችም ተቀየሩ። ዝጎ በእጃችን የተሰበረውን የግራ ኋላ ማስወጫ ቡሎን ከነሲሊንደሩ ተካነው። የታምቡሮቹን (ከኋላ ጎማዎቹ ጋር የሚዞሩትን የፍሬን ከበሮዎች) አቧራ በአየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ አጸዳን፤ ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው የአሮጌ ሸራ አቧራ ለሳንባ አደገኛ የሆነውን አስቤስቶስ ሊይዝ ስለሚችል ነው። ሸራዎቹንም ወደ ታምቡሩ አቀረብናቸው፤ የተራራቀ ሸራ አየር የያዘ ፍሬን የሚመስል ዝቅ ያለ ፔዳል ይሰጣልና። ይህ ሁሉ ተደርጎ የፊቱ ፍሬን በአግባቡ ሲሠራ፣ ከኋላ ግን ዘይት አልመጣም። «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» የሚለው ድምፅ ከጥር እስከ የካቲት በየረቡዑ ከመጋዘኑ ጀርባ ይሰማ ነበር፤ በጠርሙሱ ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። አብዛኞቹ አባላት የተገዙት የዋናው ሲሊንደር ጎማዎች የማይረቡ ናቸው አሉ። እኔም ሌላ ሙሉ ዋና ሲሊንደር ለመግዛት የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ያን ደብዳቤ ያስቀረችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃችን ናት። ክበቡ ያለው አንድ የቁልፍ ስብስብ ስለሆነ በየሳምንቱ መሣሪያ የሚደርሳቸው ከአምስትና ከስድስት አባላት አይበልጡም፤ ዝም የምትለው ይህች ልጅም ተራ አልደርስ ሲላት የመዝገብ ደብተሩን ያዘች። የምታዩትን ሁሉ ጻፉ ስል ቃሌን እንዳለ ወስዳው ኖሯል። በየቀኑ የትኛው ጎማ እንደ ተሞከረ፣ ፔዳሉ ስንት ጊዜ እንደ ተረገጠ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደ ወጣ፣ ዘይቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ወይስ በክሪክ ተነሥታ በማቆሚያ ላይ እንደ ነበረች ሳይቀር ጽፋለች። በየካቲት መጨረሻ እጅዋን አነሣች። ከሰባቱ ሙከራዎች ከኋላ ዘይት በደንብ የመጣው በሁለቱ ብቻ መሆኑን፣ በሁለቱም ቀን ማቆሚያዎቹን ሌላ ክፍል ተውሶን መኪናዋ መሬት ላይ እንደ ነበረች ካነበበችልን በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «መምህር፣ መኪናዋ መነሣቷን ታውቃለች ወይ?»

ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄደውን ቀጭን ዘንግ ስከተል፣ በጭቃና በዝገት ተሸፍኖ ጭነት መጣኙን ቫልቭ አገኘሁት። መኪናዋ በእርግጥ ታውቃለች። ፒካፕ ባዶዋን ስትሆን ከኋላ ቀላል ናት፤ በኃይል ቢረገጥባት የኋላ ጎማዎቿ ተቆልፈው ትንሸራተታለች። ስለዚህ ይህ ቫልቭ በአክስሉና የመኪናዋ አካል በሚያርፍበት የብረት መዋቅር፣ በሻሲው፣ መካከል ያለውን ርቀት በዘንጉ እየለካ፣ ጭነት ሲቀንስ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። እኛ ማቆሚያዎቹን ከሻሲው ሥር ስናደርግ አክስሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ቫልቩም መኪናዋ ከባዶም በታች እንደ ቀለለች ይቆጥራል። ጤነኛ ቫልቭ በዚህ ጊዜ ግፊቱን ቢቀንስ ነው፤ ለዓመታት ቆሞ ውስጡ የተጣበቀው የእኛው ግን መንገዱን ፈጽሞ ዘጋው።

ግምቱን በግምትነቱ አልተውነውም። ወደ ቫልቩ የሚገባውን የብረት ቱቦ አላልተን አስረገጥን፤ ዘይቱ በኃይል ወጣ። የሚወጣበትን አላልተን አስረገጥን፤ ላብ የመሰለ እርጥበት ብቻ ታየ። ማቆሚያዎቹን ወደ አክስሉ ሥር አዛወርን፣ ዘንጉን አጽድተን በእጅ ደጋግመን አንቀሳቀስን፣ ከዋናው ሲሊንደር በጣም ከሚርቀው ከቀኝ ኋላ ጎማ ጀመርን። የመዝጋቢዋ ተራ ፔዳሉ ላይ እንዲሆን ያደረጉት ጓደኞቿ ናቸው። በአራተኛው ርግጫ በግልጹ ቱቦ ውስጥ ቡናማ ዘይት ከነአረፋው ሲወርድ፣ ከሥር የተኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ የግራውን፣ በመጨረሻም በቫልቩ ላይ ያለውን ማስወጫ ጨረስን። ዘይቱ ጠርቶ ፔዳሉ ከእግሯ በታች ድንጋይ ሲሆንባት ፊቷን አየሁት። በማስተማር ባሳለፍኋቸው ዓመታት ያን ፊት ያየሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው።

በግማሽ ቀን ያልጨረስነው ሥራ ይህ ነው። ገና አላለቀም፤ ስለዚህም መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም። ለዓመታት ተጣብቆ የነበረ ቫልቭ በእጅ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አይታመንም። የፊቱንና የኋላውን ግፊት በአንድ ጊዜ የሚለኩ ሁለት የግፊት መለኪያዎች ያስፈልጉናል፤ ልኩ ካልተገኘ ቫልቩ መቀየር አለበት። ለወርክሾፕ የተመደበልን ክፍል እስካሁን የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ በመሆኑ በዝናብ ቀን ሥራ ይቆማል። ለክበባት ከሚደለደለው ገንዘብ የደረሰን ለፍሬን ዘይትና ለጨርቅ ብቻ በቃ፤ የቀረው ከአባላቱና ከሦስት መምህራን ኪስ ወጥቷል። መዋጮውን ማንም አልተማረረበትም፤ ነገር ግን 34 ልጆች በአንድ የቁልፍ ስብስብ እንዲማሩ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የወላጅ መምህር ኅብረትንና በየጋራዡ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችንን የምጠይቀው ሁለት የግፊት መለኪያ፣ አራት ጠንካራ ማቆሚያ፣ ሁለት ተጨማሪ የቁልፍ ስብስብና የዚያን ክፍል ቁልፍ ነው። ያገለገለ ዕቃም በደስታ እንቀበላለን።

የመዝገብ ደብተሩ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። መዝጋቢዋ በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ እንድትሆን ተመርጣለች፤ ደብተሩን ለሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እያስተማረች አስረክባለች። በጥያቄያቸው ይህን ዘገባ ያስጻፉኝ አባትም በመስከረም ቫልቩን በዓይናቸው እንዲያዩት እጋብዛቸዋለሁ፤ ረቡዕ ከ9:30 በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ ነን።