የፊልምና የክርክር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ሎው ኤንድ ኦርደር» መቼ ደከመ?

ክበቡ ዘንድሮ ሁለቱንም መንፈቅ ዓመት የያዘው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለብዙ ዓመታት የተላለፈ የፖሊስ ድራማ ደከመ የሚባለው መቼ ነው? «ተንዛዛ» ማለት ቀላል ነው፤ ክርክር የሚሆነው የትኛው ትዕይንት፣ በስንተኛው ደቂቃ ሲባል ነው።

ለዚህ የተመረጠው የአሜሪካው «ሎው ኤንድ ኦርደር» ነው (የድራማው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲክ ዎልፍ የፈጠረው ይህ ድራማ በሴፕቴምበር 1990 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጀምሮ በሜይ 2010 በ20ኛው ምዕራፍ፣ በ456ኛው ክፍል ተቋረጠ። በፌብሩዋሪ 2022 በ21ኛው ምዕራፍ ተመለሰ። ለክበብ የሚመቸው እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለያዘ ነው፤ የባለፈውን ሳምንት ያላየ ተማሪ አይቸገርም። ከእሱ የተወለደውና በ1999 የጀመረው እህት ድራማ በምዕራፍ ብዛት በልጦታል፤ ነገር ግን ጉዳዮቹ በወሲባዊ ጥቃት ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ለ9ኛ ክፍል ተማሪ አይሆንም ተብሎ ቀርቷል። ከዋናው ድራማም ቢሆን መምህራን ቀድመው ያላዩት ክፍል ለተማሪ አልቀረበም።

አሠራሩን ያላወቀ ድክመቱንም አያውቅም። የአንድ ሰዓት ክፍል ለሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት መርማሪዎች ከአለቃቸው ጋር ተጠርጣሪውን ይይዛሉ፤ በሁለተኛው ሁለት ዐቃቤያነ ሕግ ከዋናው ዐቃቤ ሕግ ጋር ፍርድ ቤት ያቆሙታል። ትዕይንቶቹን የሚለያየው አድራሻ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳና ማይክ ፖስት የሠራው ባለ ሁለት ምት ድምፅ ነው። ማስታወቂያው ሳይቆጠር በ1990 ወደ 48 ደቂቃ ገደማ የነበረው ታሪክ ሃያኛው ምዕራፍ ሲደርስ ወደ 42 ወርዷል። የጎደለው ስድስት ደቂቃ ሁለት ሦስት ትዕይንት ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ መርማሪዎቹ በር እያንኳኩ የሚሳሳቱበት ነው። «የድሮው ይሻል ነበር» ከሚሉት ብዙዎቹ የናፈቃቸው እነዚህ ደቂቃዎች ይመስሉናል።

የመመዘኛ ቅጹ ሰባት ዓምድ አለው፦ ወንጀሉ የተገኘበት ደቂቃ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነጻ ሆኖ ምርመራው አቅጣጫ የለወጠበት፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ርክክብ የተደረገበት፣ ተከላካይ ጠበቃው «ማስረጃው ውድቅ ይደረግ» ብሎ ዳኛው የወሰነበት፣ የጥፋተኝነት ድርድር (ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት የሚደረግ ስምምነት) የተነሳበት፣ ውሳኔው የተሰማበት፣ በመጨረሻም ስለ ባለሙያዎቹ የግል ሕይወት የተወራበት ጠቅላላ ሰከንድ። ሁለት ሁለት ተማሪ አንድ ቅጽ ይይዛል፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። ሰዓቱ ከስልክ ሳይሆን ከማጫወቻው ቆጣሪ ይነበባል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ለማብራሪያ ሲቆም የስልኩ ሰዓት መሮጡን ስለሚቀጥል ቅጹ ሁሉ ይበላሻል።

ከየምዕራፉ የሚታየው ሁለተኛው፣ መሃል ላይ ያለውና ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ነው። መክፈቻና መዝጊያ አይወሰድም፤ ተዋናይ የሚሰናበተውና አዲስ የሚገባው እዚያ ላይ ስለሆነ ልዩ ድግስ ነው፣ የዘወትሩን አያሳይም። ዝነኛ ክፍሎችን ብቻ መርጦ ማየትም ያው ስህተት ነው፤ ማንም ድራማ በምርጦቹ ከተለካ አይደክምም።

ቅጹን የሚያሳስቱ ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው የመጀመሪያው ምዕራፍ 6ኛ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በ1988 ለሲቢኤስ በሙከራ የተሠራ ሲሆን ጣቢያው ሳይወስደው ቀርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በኤንቢሲ በስድስተኛነት ተላለፈ። ዋናው ዐቃቤ ሕግም ሌላ ተዋናይ ነው፤ ስቲቨን ሂል አይደለም። ይህን ያላወቀ ተማሪ «አዛውንቱ አለቃ የት ሄዱ?» ብሎ የምዕራፉን ነጥብ ይቀንሳል። ሁለተኛው የ1996፣ የ1997 እና የ1999 ቅይጥ ክፍሎች ናቸው። ታሪኩ እዚህ ይጀምርና የሚያልቀው የባልቲሞር ፖሊሶችን በሚያሳየው ሌላ ድራማ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ካልተገኘ ባይመዘን ይሻላል። ሦስተኛው በድጋሚ ስርጭት የተቆራረጠ ቅጂ ነው። ለተጨማሪ ማስታወቂያ ሲባል አጫጭር ትዕይንቶች ይወጡበታል፣ ስለዚህ የደቂቃው ንጽጽር ዋጋ አይኖረውም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀው በተዋናዮች ክርክር ነው። ብዙ ተማሪዎች «እገሌ ሲወጣ አበቃ» ይላሉ፤ እገሌ ማን እንደሆነ ግን አይስማሙም፣ ባይስማሙም አይፈረድባቸውም። ጆርጅ ዙንዛ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ወጣ። ፖል ሶርቪኖ በሦስተኛው ምዕራፍ መሃል ቦታውን ለጄሪ ኦርባክ ለቀቀ። በ1993 ኤንቢሲ ሴቶች ይግቡ ብሎ ስለገፋ ሁለት ወንዶች ተነስተው ኤስ. ኢፓታ መርከርሰንና ጂል ሄኔሲ ገቡ። በ1994 ማይክል ሞሪያርቲ ሄዶ ሳም ዋተርስተን መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ክሪስ ኖዝ ተሰናበተ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎችና ዐቃቤያነ ሕግ፣ ከአዛውንቱ ሂል በቀር፣ ሁሉም ተለውጠዋል። ድራማው ግን በዚሁ ጊዜ ነው የጠነከረው፤ በ1997 የዓመቱ ምርጥ ድራማ ተብሎ የኤሚ ሽልማትን የወሰደውም ከዚህ ሁሉ መፈራረቅ በኋላ ነው። ስለዚህ ተዋናይ መውጣቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ የሚሆነው የጽሑፍ ክፍሉ ነው። ረኔ ባልሰር የጻፈባቸውና የመራባቸው ዓመታት እስከ 2000 ይዘልቃሉ። ከዚያ ሌላ እህት ድራማ ሊያቋቁም ሄደ፣ አለቆች ተፈራረቁ፣ እሱም በ18ኛው ምዕራፍ ተመለሰ። ይህን በሰሌዳው ላይ ካለው የተማሪዎች ነጥብ ጎን ስናስቀምጠው ዳገቱና ቁልቁለቱ ከተዋናዮች ይልቅ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

በፖሊሱ ግማሽ የቀደሙት ምዕራፎች አንድ ልማድ አላቸው፦ የሚጠየቀው ሰው ሥራውን አያቆምም። ሣጥን የሚጭነው እየጫነ፣ ሳህን የሚያጥበው እያጠበ ይመልሳል። የኒው ዮርክ የቴአትር ተዋናዮች ለሁለት ደቂቃ ብቅ ብለው አንድ ሙሉ ሰው ትተው ይሄዳሉ። መርማሪው የሚያገኘው ግማሽ እውነት ስለሆነ ወደ ሌላ በር ይሄዳል። ከ2000 በኋላ የደህንነት ካሜራውና የስልክ ጥሪ ዝርዝሩ መጣ። አንዱ መርማሪ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ስምና አድራሻ ይናገራል፣ ቀጣዩ ትዕይንት ማሰር ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ እውነተኛው ምርመራም ወደዚያ ሄዷል። ለድራማ ግን ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም የከተማው ሰው ከታሪኩ ይወጣል። በቅጹ ሁለተኛ ዓምድ፣ አቅጣጫ የተለወጠበት ደቂቃ በሚለው ላይ፣ በኋለኞቹ ምዕራፎች ባዶ ቦታ የበዛው ለዚህ ነው።

የፍርድ ቤቱ ግማሽ ለተማሪዎች ከበድ ይላል። ሁለት ነገር አስቀድሞ ካልተነገረ ግማሹ ክፍል ይጠፋል። በአገራችን ጁሪ የለም፤ እዚያ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት 12 ተራ ዜጎች ናቸው። ከዚያም በፊት በኒው ዮርክ ከባድ ወንጀል ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ከ16 እስከ 23 ሰዎች ያሉበት ሌላ ሸንጎ፣ ቢያንስ በ12 ድምፅ፣ ክሱን መቀበል አለበት። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ስለሚል፣ መርማሪዎቹ «ሰዓቱ እያለቀ ነው» ብለው ሲጨነቁ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል። በማስረጃ ውድቅ መደረግ ላይ ግን ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል፦ ገዳዩ ራሱ ካመነ ዳኛው ለምን ይጥለዋል? በደህናው ዘመን ድራማው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ዐቃቤ ሕጉን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ በቀሪው 15 ደቂቃ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያቆም ማየት ነው ደስታው። በደካማው ዘመን የተጣለው ማስረጃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በሌላ ይተካል።

ከመመሪያው ውጪ አንድ መዝጊያ ክፍል አይተናል፤ የ6ኛውን ምዕራፍ፣ የ1996ቱን። ኒው ዮርክ የሞት ቅጣትን በ1995 መልሳ ነበር። በክፍሉ ምርመራም ችሎትም የለም። ባለሙያዎቹ የሞት ቅጣት ሲፈጸም አይተው ከወጡ በኋላ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉት ብቻ ነው። የግል ሕይወት ዓምዱ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ቢሆንም ማንም ነጥብ አልቀነሰም። ድራማው ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ስለ ራሳቸው እንዳያወሩ ከልክሏቸው ስለነበር አንድ ቀን ሲናገሩ ይሰማል። ከ2004 በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሲያወሩ አይሰማም።

ደካማው ዘመን የትኛው ነው ለሚለው ክበቡ በብዙ ድምፅ ከ2004 እስከ 2007 ብሏል። ኦርባክ በ2004 ወጥቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር አረፈ። የተካው ዴኒስ ፋሪና ሁለት ምዕራፍ፣ ቀጥላ የገባችው መርማሪ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቆዩ። አንዷ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ከሥራ ስትሰናበት ከዚያ በፊት አንድም ፍንጭ ያልተሰጠበት ጉዳይ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ተወረወረ፤ እንዲህ ያለው ነገር በ4ኛው ምዕራፍ አይጻፍም ነበር። በ2006 ጣቢያው ከረቡዕ ወደ ዐርብ ምሽት አዛወረው። የተመልካች መቀነስ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ቀን ሲለወጥ ጥሩውም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከመቋረጡ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች መልሰው ይጠነክራሉ። ዋተርስተን ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሊነስ ሮች የእሱን የድሮ ችኩልነት ይዞ ችሎት ገባ፣ ስለዚህ አለቃው የሚቆጣው ራሱ ይሠራው የነበረውን ነው። የ2010ሩ የመጨረሻ ክፍል ትምህርት ቤትን ለማጥቃት ስለሚዝት ሰውና በዲሲፕሊን ክስ ደመወዝ እየበሉ ሳያስተምሩ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ስለነበሩ የኒው ዮርክ መምህራን ነው። ድራማው የተቋረጠው በደከመበት ሰዓት አልነበረም።

በ2022 የተመለሰው ሌላ ነገር ነው። መርማሪዎቹ በየመኪናው ውስጥ አቋማቸውን በቃል ይናገራሉ፣ ሁለቱ ዐቃቤያነ ሕግ የጉዳዩን ግራና ቀኝ ለተመልካች ያስረዳሉ፣ የማስረጃ ክርክሩ ይቀጥናል። ዋተርስተን በፌብሩዋሪ 2024 እስኪሰናበት ድረስ ብዙውን ጊዜ የሚያድነው እሱ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ቡድን ግን ተቃውሟል። የድሮዎቹ መርማሪዎች የሚያሾፉባቸው ሰዎች ድሆችና ስደተኞች መሆናቸውን አዲሱ አስተውሏል፣ ይህ ድክመት አይባልም ብለው በጽሑፍ አቅርበዋል። ነጥባቸው ይያዛል፤ ጽሑፋቸውም በክበቡ ሰሌዳ ላይ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚረከቡ ተማሪዎች ቅጹን እንዳለ ይጠቀሙ፤ የግል ሕይወቱን ዓምድ ብቻ ለሁለት ይክፈሉት፦ ጉዳዩን የሚያንቀሳቅስና የማያንቀሳቅስ። ማየት የሚጀመረው ከ3ኛው ምዕራፍ ቢሆን ይመረጣል። 1ኛውን መጀመሪያ ያዩ ቡድኖች በስዕሉ ጨለማነትና በድምፁ ደካማነት ተሰላችተው ቅጹን በግማሽ ትተውታል፤ ከ3ኛውና ከ5ኛው በኋላ ሲመለሱበት ግን ይወዱታል። ድምፅ ማጉያው ከፕሮጀክተሩ ራሱ ላይ ከሆነ የችሎቱ ንግግር ከኋላ ወንበር አይሰማም፤ የአዳራሹን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ከሳምንት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።