ደባርቅ ለተመደብሽው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ጎንደር ያለነው ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሰው ትልክልሻለች። በግብርና ባለሙያነት ደባርቅ መመደብሽን ከሰማሁ ጀምሮ ስለ ስሜን ተራሮች እሳት ልጽፍልሽ ሳስብ ነበርና፣ በጋው ሳይጠና ይድረስሽ ብዬ ዛሬ ብዕሬን አነሣሁ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል፤ ውለታቸው አይረሳም። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን ቅጠልና አፈር ይዞ በየገደሉ ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነው። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ዳግም መነሣቱንም ታስታውሻለሽ። ወደ ደጋው ስትወጪ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ጎንበስ ብለሽ እይው፤ ጫፉ ለምለም ሆኖ ሳለ ከሥሩ የከረመ ቅጠል ደርቆ ታጭቆበታል። እዚያ የገባ እሳት ነበልባሉ ቢከስምም ፍሙ ተዳፍኖ ይቆይና ነፋስ ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። እንዲህ ያለውን ፍም ቀንና ሌሊት ሊጠብቅ የሚችለው እዚያው የሚያድር ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው ግን ከደኑ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ስለ ምን ብሎ ይጠብቃል? የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን ቄሮ በሚባል ነባር የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩት፣ በጋራ ተስማምተው ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር አብረው እያጨዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ለልቅ አጠቃቀም ተጋለጠ። ባለቤትነቱ የተነጠቀ ሕዝብ ጠባቂ አይሆንም የምለው ይህን አይቼ ነው።

ስለዚህ ገበሬውን ስትሰበስቢ በክልከላ አትጀምሪ። ሣሩ ሳይደርቅ ከፓርኩ ክልል ውጭ ባለው የወል መሬት ታጭዶ ለከብት ቢወሰድ የሚቀጣጠለው ነገር ይቀንሳል፤ ከብቱም በበጋ አይራብም። እሳት እንዳይሻገር ሣሩ የሚመነጠርበት የእሳት መከላከያ መስመርም የሚጠረገው ያኔ ነው፤ መስመሩ በየት በየት ቢያልፍ እንደሚሻል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እረኞች ናቸውና እነርሱን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ማር ቆራጮችን ደግሞ አደራ። ሌሊት ችቦ ይዞ የንብ ዋሻ ወይም ዛፍ የሚያጨስን ሰው መክሰስ ይቀላል፤ ነገር ግን ዘመናዊ ቀፎና ክዳን ያለው ማጨሻ ቢያገኝ፣ ማሩንም በማኅበር የሚሸጥበት ገበያ ቢኖረው፣ ለአስታው ዛፍና ለአበባው ከማንም በላይ የሚሳሳው እርሱ ይሆናል። አንድ ሸጋ ሐሳብ ይዘሽ ሄደሽ ቀፎውን ሰጥተሽ ብቻ አትመለሺ፤ ንቡ እስኪገባና የመጀመሪያው ማር እስኪቆረጥ ተከታተዪ። በቅሎ አከራዮችና አስጎብኚዎችም በጸጥታው ችግር እንግዳ ሲጠፋ ገቢያቸው ተቋርጦ ከርመዋል፤ የቱሪዝም ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእንጨት ለቃሚዎቹን ሴቶች ስብሰባ ላይ አታገኚያቸውም ይሆናል፤ ማለዳ መንገድ ላይ አነጋግሪያቸው። ጭስ መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ስለሆኑ፣ ለማን እንደሚደውሉ ወይም በጥሩንባ ማንን እንደሚጠሩ ከየቀበሌው ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ።

መስመሩ መቼ እንደሚጠረግ ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ ከጎንደር