ለጤና ሚኒስቴር፦ «ታይፎይድ» ካልናቸው ስንቶቹ በእርግጥ ታይፎይድ ነበረባቸው?

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የምርመራ ትክክለኛነት እንዲለካ ስለመጠየቅ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በየወሩ ሪፖርት እንልካለን። ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት ሰው ወባ ተገኘበት፣ ስንት ሰው ታይፎይድ ተባለ። ቁጥሩ በወረዳና በክልል አልፎ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ግን አንድ ጥያቄ የሚጠይቀን የለም። ታይፎይድ ካልናቸው ሰዎች ስንቶቹ በእርግጥ ታይፎይድ ነበረባቸው? ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።

ትኩሳት ይዞት ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። ሁለቱ እንደ መንታ አብረው ይጠራሉ። በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል፣ ታይፈስ በቅማልና በቁንጫ ይተላለፋል። አንድን ሰው ሁለቱ በአንድ ጊዜ መያዛቸው እምብዛም የሚያጋጥም ነገር አይደለም። በእኛ የውጤት ወረቀት ላይ ግን ዘወትር አብረው ይወጣሉ። ይህ ብቻውን ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር።

ለታይፎይድ የምንሠራውን፣ ዊዳል የሚባለውን ምርመራ በቅርበት ላሳያችሁ። ከታካሚው ደም ሴረሙን፣ ማለትም የደም ሕዋሳት የሌሉበትን ፈሳሽ፣ እንለያለን። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ እናደርጋለን። ከትንሿ ጠርሙስ ደግሞ ቀለም ያለው አንቲጅን (ከታይፎይድ ባክቴሪያ የተዘጋጀ መመርመሪያ) አንድ ጠብታ እንጨምራለን። ሰማያዊው «ኦ» ለሚባለው የባክቴሪያው ክፍል፣ ቀዩ «ኤች» ለሚባለው ነው። በስንጥር አዋሕደን ስላይዱን ለ1 ደቂቃ ያህል እያወዛወዝን እናያለን። ከተጓጎለ «ሪአክቲቭ» (ምልክት አሳይቷል) ብለን እንጽፋለን። ወረፋው ሲበዛ ስላይዱ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ያኔ ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀውም የተጓጎለ ይመስላል። አንቲጅኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ዋናው ችግር ይቀራል። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት በሽታን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ከቆየ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል። ወባና ሌሎች ትኩሳት የሚያመጡ በሽታዎችም ውጤቱን ሪአክቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። በደንቡ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን በ4 እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት። ለሁለተኛው ደም የሚጠራ ታካሚ ግን አይቼ አላውቅም። ለታይፈስ የምንጠቀምበት ዌይል ፌሊክስ የሚባለው ምርመራ ጭራሽ የታይፈስ ጀርም የለበትም። ፕሮቴየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው ያለበት፤ በመመሳሰል ነው የሚገመተው። ዊዳል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዌይል ፌሊክስ በ1916 ነው። የዛሬውን ታካሚ በእነዚህ ነው የምንዳኘው።

አንድ የቀን ሠራተኛ ካርዱን ይዞ መጣ። ካርዱ ላይ «ታይፎይድ» ተደጋግሞ ተጽፏል። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስዷል፤ አልሆን ሲል ሴፍትሪያክሶን ተወግቷል። ትኩሳቱ ጋብ ይልና ይመለሳል። ሌሊት በላብ ይጠመቃል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አስሮታል። የጤና መኮንኗ የቀድሞ ውጤቶቹን ወደ ጎን ትታ ሰውዬውን አየችው። አክታ አዘዘች። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ላይ ቲቢ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ አጠገቡ ይተኙ ነበር።

እነዚያ ካርዱ ላይ የሰፈሩት «ታይፎይዶች» ግን ከሪፖርት አልተሰረዙም። ለጻፉት ባለሙያዎችም ቲቢ መሆኑን የነገራቸው የለም። ጥፋቱን በእነሱ ላይ አልጭንም። በእጃቸው ያለው ምርመራ ይኸው ነው። ታካሚውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ራሱ «ታይፎይድ መርምሩኝ» ብሎ ነው የሚገባው። መድኃኒቱ ግን በከንቱ ይዋጣል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ጀርሞችም መድኃኒቱን ይላመዱታል።

መለካት ምን እንደሚጠቅም ከወባ አይተናል። በብዛት ስንጠቀምበት የቆየው ፈጣን ምርመራ ኤችአርፒ2 የሚባል የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተሠራ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጎደላቸው፣ ፋልሲፓረም የሚባሉ የወባ ተውሳኮች መኖራቸውን አሳየ። ሰውየው ወባ እያለበት ምርመራው «የለብህም» ሊለው ይችላል ማለት ነው። ይህ የታወቀው ውጤቱ በሌላ ዘዴ ስለተመሳከረ ነው። የቲቢ ስላይድም ተመርጦ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን ውጤት የማያውቅ ባለሙያ ደግሞ ያነበዋል። ስለዚህ አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የምለምናችሁ ይህንኑ ለታይፎይድ እንድታደርጉት ነው። በየጤና ጣቢያው የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይከፈት አልልም። ኢንኩቤተርና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ቀናትም ይወስዳል። እሱም ራሱ ብዙ ሕሙማንን ያመልጠዋል፤ በተለይ አንቲባዮቲክ ከጀመሩ። ግን ካልቸር ከሚሠሩ ሆስፒታሎች አጠገብ ያሉ ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይመረጡ። ሪአክቲቭ ከወጣባቸው ከየ10ሩ የአንዱ ደም መድኃኒት ሳይጀመር ይላክ። ውጤቱም በየ3 ወሩ ለሕዝብ ይውጣ። ወርኃዊ ሪፖርቱም ላይ በወባ እንደሚደረገው በላብራቶሪ የተረጋገጠው ካልተረጋገጠው ይለይ።

ሪፈር ወረቀቱንም አስቡበት። የግብረ መልስ ቦታ አለው፤ የሚመለሰው ግን ስንት ነው? ከእኛ የተላከ ሰው ሆስፒታል ደርሶ ምን እንደተገኘበት ካልሰማን በምን እንታረማለን? ለእኔ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ያቺ የታችኛዋ ቁራጭ ወረቀት ተሞልታ ብትመለስ ትበልጥብኛለች።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ልኬቱ ለደረጃ ማውጫና ለቅጣት ከዋለ ሁሉም ያማረ ቁጥር ብቻ ይልካል፤ ያኔ ባይለካ ይሻላል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የማንም ጤና ጣቢያ ስም ሳይጠራ ይውጣ።

የሚቀጥለው ዓመት የግዥ ዝርዝር ሲዘጋጅ ደግሞ ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ ለምን እንደሚቀጥሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። በቂ ምክንያት ከሌለ ገንዘቡ ለካልቸር ጠርሙስ ይዙር። ጥያቄዬን የትኛው ክፍል እንደያዘው ብታሳውቁኝ፣ እኔና ባልደረቦቼ ናሙና ለመላክ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ