የሆድ ውሃው ሳይቆጠር «ኢንፌክሽን የለም»፦ ለጤና ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፣

በማኅተም ሦስት ጊዜ ጽፈንልዎታል። የመጨረሻው ደብዳቤያችን «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ተመራ፤ የሚመለከተው ክፍል እኛው ሆነንና ዞሮ እጃችን ገባ። እንግዲህ በአደባባይ ያንብቡት።

ጉዳዩ ባክቴሪያ የሚገድለው የሴፍትራያክሶን መድኃኒት መፍቀጃ ቅጹ ነው። የደም ነጭ ሴል ከ11,000 ካልበለጠ ወይም ትኩሳቱ 38 ካልደረሰ አይፈቀድም ይላል። መድኃኒት እንዳይባክን መታሰቡን አንጠላም። ጉበቱ ጠጥሮ ሆዱ ውሃ ለቋጠረ፣ ውሃውም በባክቴሪያ ለተበከለበት ሰው ግን ይህ ቅጽ የሞት ፍርድ ነው፤ ለምን እንደሆነ እርስዎም በትምህርት ቤት ተምረውታል።

ጉበት ሲጠጥር ከአንጀት የሚመጣው ደም መግቢያ ያጣል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ነጭ ሴሎችንም ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ የእነዚህ ሕሙማን ቁጥር ከመነሻውም ዝቅተኛ ነው። 2,400 የነበረው 7,200 ሲሆን ሦስት እጥፍ አድጓል፤ ቅጹ ግን «መደበኛ» ይለዋል። ደሙ በጎን መንገድ ጉበትን ስለሚያልፍ፣ እዚያ ተቀምጠው ባክቴሪያ የሚለቅሙት ኩፕፈር ሴሎች የሚለቅሙት አያገኙም። ባክቴሪያውን ለሴሎቹ ምልክት የሚያደርገውን ኮምፕሊመንት የተባለ ፕሮቲን በብዛት የሚያመርተውም ያው የታመመው ጉበት ነው። ባክቴሪያ የሚውጡት ነጭ ሴሎች፣ ኒውትሮፊሎቹማ፣ ጅብ ሳይመጣ ሲጮህ አድሮ ጅቡ ሲመጣ የሚተኛ ውሻ ሆነዋል፦ ያለ ምክንያት ተቆጥተው የገዛ አካልን ይጎዳሉ፣ ባክቴሪያ ሲመጣ ግን መዋጥም መግደልም ያቅታቸዋል። ትኩሳት የማይታየውም ብዙ ጊዜ ነው። («አረቄ ጠጪ ነው» የምትለዋን ማለፊያ እባክዎ ይተዉልን፤ ከምናያቸው ብዙዎቹ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው፣ በየመንደሩ የወፍ በሽታ መድኃኒት ሲጠጡ የከረሙ ናቸው።)

ስለዚህ የሚቆጠረው የሆድ ውሃው ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 ኒውትሮፊል ከተገኘ፣ ካልቸሩ (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለየው ምርመራ) ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀመራል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ውሃው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይወሰዳል፣ በቻምበር (በሴል መቁጠሪያ መስታወት) ጠቅላላው ነጭ ሴል ይቆጠራል፣ ዓይነቱ በራይት ቀለም ይለያል። 600 ሴል ተቆጥሮ 70 በመቶው ኒውትሮፊል ከሆነ 420 ነው፤ አለቀ። ደም ከተቀላቀለበት ለእያንዳንዱ 250 ቀይ ሴል አንድ ኒውትሮፊል ይቀነሳል። ለካልቸር ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር እዚያው አልጋው አጠገብ በደም ካልቸር ጠርሙስ ይገባል፤ ቱቦ ውስጥ ቆይቶ ላቦራቶሪ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አያበቅልም። ትልቁ ጠላት ሰዓት ነው፤ ኒውትሮፊል ቱቦ ውስጥ ሲያድር ይፈርሳል።

ከዓባይ በረሃ አፋፍ በቃሬዛ የመጣው ገበሬ ውሃው የተቀዳው ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ነበር። የሆድ ውሃ ቆጠራ ግን በእርስዎ መመሪያ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የለም። ቱቦው መደርደሪያ ላይ አደረ። ዓርብ ረፋድ 4 ሰዓት ሲቆጠር 190 ወጣ። የደሙ 7,200፣ ትኩሳት የለም፤ ቅጹ «አልተፈቀደም» ተባለ። ቅዳሜ መቀባዠር ጀመረ፣ ሽንቱም ቆመ። እሑድ ንጋት ላይ አረፈ። ሰኞ ቅጹ ፋይሉ ውስጥ በሥርዓት ገባ፤ ለዚያስ ማንም አልዘገየም።

አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም ቢሰጥ ኩላሊትን እንደሚታደግ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ 90 ግራም ማለት ነው። ዋጋውን ስለምናውቅ እሱን አልጠየቅንዎትም።

የጠየቅነው ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሕመምተኛ ቅጹ ላይ «የደም ነጭ ሴል» የሚለው ተሰርዞ «የሆድ ውሃ ኒውትሮፊል» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ቻምበሩ አለን። ማይክሮስኮፑም፣ ቀለሙም አለ። ማታ ተረኛ የላቦራቶሪ ባለሙያም አለ። የጎደለው ከ11 ሰዓት በኋላ እንዲቆጥር የሚፈቅደው የእርስዎ ፊርማ ነው።

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ክፍል (ማለትም ለእኛው)