ባለልኳንዳውና ሞክሼዎቹ፦ የወፍ ክበብ ዘንድሮ ምን ሲሰራ ከረመ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። "የወፍ ክበብ እኮ ወፍ ሲያዩ መዋል ነው" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዎ ወፍ ስናይ ነው የከረምነው። ግን የአጥሩን ጉዳይ ስሙና ከዛ ትፈርዳላችሁ።

ካስታወሳችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሜዳው ጀርባ ያለው እሾሃማ ሽቦ ላይ ፌንጣ ተሰክቶ ተገኘ፣ በማግስቱ ሌላ ፌንጣ፣ ከዛ ደግሞ አንዲት ጣት የምታህል እንሽላሊት። ጥፋተኛ ለመፈለግ ብዙም አልተደከመም፣ እዛ ጋ ኳስ የሚጫወቱት የሰባተኛ ክፍል ልጆች በሰልፍ ላይ በማይክ ተወቀሱ፣ ሁለቱማ ወላጅ አምጡ ተባሉ። እኛ አይደለንም ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

ክበባችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ስሟን አልጽፍም ታፍራለች፣ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ አስር ቃል ብትናገር ነው። እሷ ናት አንድ ሰኞ ጠዋት መጥታ "ቲቸር፣ ቅዳሜና እሁድ ግቢው ተቆልፎ ነው የዋለው፣ ታዲያ አዲሱ ፌንጣ ከየት መጣ?" ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያለችንን አንዲት ባይኖኩላር ይዛ ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት ከውሃው ታንከር ጀርባ ቁጭ አለች። በሦስተኛው ቀን እያለከለከች መጣች፣ ምንም ሳትናገር በጋዋኔ ጎትታ ወሰደችኝ።

ከላይ ጥቁር ከታች ነጭ የሆነ ረዥም ጅራት ያለው ወፍ ፌንጣ በአፉ ይዞ ሽቦው ላይ ቆሟል። ፌንጣውን እሾሁ ላይ ያስደግፍና ወደ ታች ይጎትታል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይጎትታል፣ በሦስተኛው ያዘለት። ከዛ ተረጋግቶ መገነጣጠል ጀመረ። ስምንት ሆነን ቆመናል፣ ትንፍሽ ያለ የለም። ልጅቷ ቀስ ብላ "ለዳይሬክተሩ ማን ይንገር?" አለች። አንቺ አልኳት። ሄደች፣ ብቻዋን፣ ያቺ ዝምተኛ ልጅ። እኔ ወደ አጥሩ ዞሬ የማላየውን ወፍ ሳይ ቆየሁ። (በነገራችን ላይ ወቀሳው በማይክ ነበር፣ ይቅርታው ግን ቢሮ ውስጥ ቀረ።)

ወፉ ሽራይክ ይባላል፣ የኛው ፊስካል የሚሉት ዓይነት ነው። ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ለነዚህ ወፎች የሰጠው ላኒየስ የሚለው ስም በላቲን ስጋ ቆራጭ ማለት ነው፣ ልጆቹም ወዲያው "ባለልኳንዳው" አሉት። የሚሰካው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ምንቃሩ እንደ ጭልፊት ቆልማማ ቢሆንም ወገኑ ከዘማሪ ወፎች ነው፣ እግሩ ስጋ ጨምድዶ ለመያዝ አቅም የለውም፣ ስለዚህ እሾሁ እንደ እጅ ያገለግለዋል፣ እንደ ጓዳም። አሜሪካ ያለው አንዱ ዘመዱ መርዛም ፌንጣ ሰክቶ መርዙ እስኪከሽፍ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቃል፣ ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከዛ በኋላ ስብሰባዎቻችንን የበሉት ሞክሼዎቹ ናቸው። ድሮ ተመራማሪዎች ቆልማማ ምንቃር ባዩ ቁጥር ሽራይክ እያሉ ሰይመው ስሙ በየአህጉሩ ተበትኗል። ደቡብ አሜሪካ እውነተኛ ሽራይክ የለም፣ አንትሽራይክ የሚባል ግን ሞልቷል። የአፍሪካው ሄልሜት ሽራይክ በመንጋ እየኖረ ጫጩት በጋራ የሚያሳድግ ወፍ ነው፣ የቅርብ ዘመዶቹም ቫንጋ የሚባሉት የማዳጋስካር ወፎች ናቸው። ኩኩሽራይክ ደግሞ ኩኩ የሚባለው ወፍም ሽራይክም አይደለም! አንዱ ልጅ "እንደኔ ነዋ፣ ክፍላችን ውስጥ ሦስት ሞክሼ አለኝ አንዱም ዘመዴ አይደለም" ብሎ ጉዳዩን ዘጋው፣ እኔ በዲኤንኤ ላስረዳ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁበትን።

ይሄን ሁሉ በትልቅ ቻርት ሰርተነው ነበር። የስቶሩ ጣሪያ ስለሚያፈስ ሁለት ጊዜ ዝናብ መታው፣ ሦስተኛ አልሰራንም። በ31 አባላት ጀምረን በ19 ጨረስን፣ ባይኖኩላር ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወደ ሚኒ ሚዲያ የሄዱ አሉ፣ አልፈርድባቸውም። የስፖርት ክበብ ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ማሊያ እንደተገዛለት አይቻለሁ፣ ቀለሙ ያምራል።

እኛ የምንለው ሁለት ተጨማሪ ባይኖኩላር ነው፣ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። እሱ ካልሆነ ደግሞ ክረምት ላይ አጥሩ በግንብ ይቀየራል ሲባል ሰምተናልና፣ ከታንከሩ ጀርባ ያለችውን ሦስት ሜትር ሽቦ ተዉልን። ወፉ አሁንም እዛው ነው፣ ትናንት ጠዋት አንድ ጢንዚዛ ሰቅሏል።