የእግር ኳስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፍጥነት የሌለው የኋላ መስመር እንዴት ይከላከላል?

የክበባችን የዘንድሮ ተከላካዮች ቁመታቸው መልካም፣ በጭንቅላት ኳስ ጠንካራ፣ ጨዋታ በማንበብ ጎበዞች ናቸው፤ ሩጫ ላይ ግን ይቀደማሉ። ፍጥነት በአንድ ዓመት ልምምድ ብዙ አይጨመርም። ስለዚህ ሥራችን ያተኮረው አከላከሉን ከልጆቹ እግር ጋር በማስማማት ላይ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ተለኩ፤ ከቆሙበት ተነስተው 30 ሜትር፣ ቀጥሎም ጀርባ ሰጥተው ቆመው በፊሽካ ዞረው 10 ሜትር። በ30 ሜትር ላይ የግማሽ ሴኮንድ ልዩነት አጥቂውን ከ3 ሜትር በላይ ያስቀድመዋል። ይበልጥ የጎዳን ግን መዞሩ ነው። ደረቱን ለኳሱ ሰጥቶ የቆመ ተከላካይ ዞሮ እስኪነሳ አጥቂው አልፎታል። ስለዚህ ጎናቸውን ሰጥተው፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አድርገው፣ ኳሱንም አጥቂውንም እያዩ መቆምን እስኪለምዱት ደጋገምነው።

ቀጥሎ የተከላካዮቹን መስመር ወደ ኋላ አወረድነው። ኳስ በተጋጣሚ እጅ ስትሆን የመሀል ተከላካዮቻችን ከ16 ከ50 (የፍጹም ቅጣት ምት ክልል) መስመር ፊት 6 ወይም 7 ሜትር ላይ ይቆማሉ። ከኋላቸው ያለው ቦታ ስለጠበበ ረጅም ኳስ ሲጣል በረኛዋ ወይም በረኛው ይደርሳል። በረኛ ታዲያ ግብ መስመር ላይ መቆም የለበትም፤ ኳስ በተጋጣሚ ሜዳ ስትሆን 10 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይጠብቃል። ሜዳችን በበጋ ጠጣር ስለሆነ ኳሱ እየነጠረ ወደ በረኛ ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ግን ጭቃው ላይ ይቆምና ለአጥቂው ይመቻል፤ ያኔ መስመሩ ሌላ 3 ሜትር ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ተከላካዮች ሲወርዱ አማካዮችና አጥቂዎች ፊት ይቀራሉ፤ መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ይከፈታል፤ ተጋጣሚ እዚያ ኳስ ተቀብሎ ዞሮ ይመታል። ለዚህ 30 ሜትር ገመድ ሜዳው ላይ ዘርግተን ተለማመድን፤ ከኋለኛው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከገመዱ መብለጥ የለበትም። አጥቂዎቹ መመለስን አልወደዱትም፤ ግን ያለ እነሱ ይህ አሰራር ይፈርሳል።

መቼ ይወረዳል፣ መቼ ይወጣል? ኳስ የያዘው ተጫዋች ጫና ከሌለበትና ቀና ካለ፣ ኳሱ ከመመታቱ በፊት 3 እርምጃ ወደ ኋላ። ጀርባውን ከሰጠ ወይም ሰው ከደረሰበት፣ ወደ ፊት። ትእዛዙን የሚሰጠው አንድ ተከላካይ ብቻ ነው።

ከጨዋታ ውጪ ወጥመድን፣ ማለትም ተከላካዮች አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ የሚያስቀሩበትን ዘዴ፣ ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። አንዱ ሲቀር ወጥመዱ ይከሽፋል፤ ዘገምተኛ ተከላካይ ደግሞ ከኋላ ሮጦ አያርመውም። በትምህርት ቤት ጨዋታ መስመሩን በትክክል የሚያይ ረዳት ዳኛ ሁልጊዜ አይገኝም። በምትኩ አንዱ ወደ ኳሱ ሲወጣ ጥንዱ 5 ሜትር ያህል ከኋላው ሰያፍ ሆኖ ይሸፍናል።

ለብቻ ከአጥቂ ጋር የተፋጠጠ ልጅ ደግሞ አይጣደፍም። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ወደ ውስጥ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ፣ ወደ ሜዳው የጎን መስመር እየገፋ ያዘገየዋል። ሸርተቴ (ተንሸራትቶ ኳስ መንጠቅ) የተፈቀደው ኳሱ ከአጥቂው እግር ሲርቅ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ክለቦችም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ቼልሲ ፈጣን ያልሆነውን የመሀል ተከላካይ ጆን ቴሪን ይዞ መስመሩን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግቶ ሲጫወት በገዛ ሜዳው በአርሰናል 5 ለ 3 ተሸነፈ። በ2014/15 በአሰልጣኝ ሞሪንሆ ስር መስመሩ ሲወርድ ቴሪ በ34 ዓመቱ 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ሙሉ ደቂቃ ተሰልፎ ዋንጫ አነሳ።

ያልፈታነው የማዕዘን ምት ነው። ረጃጅሞቹ ተከላካዮች ለጭንቅላት ኳስ ሁለቱም ሲወጡ በመልሶ ማጥቃት አይመለሱም። አሁን አንዱ ብቻ ይወጣል፤ ፈጣኑ የክንፍ ተጫዋች መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል። ሆኖም በግብ ፊት ያለን ጉልበት ቀንሷል። በመስከረም ልምምዱ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ ምቱን በአጭር ቅብብል ጀምሮ ኳሱን ከ16 ከ50 ጫፍ ማሻገርን እንሞክራለን።