ወተቱ ነበር

ጅማ፣ እሁድ ጳጉሜ 2 ቀን 2017

እንዴት ነሽልኝ የኔ እህት፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ተመስገን። ክረምቱ ዘንድሮ እንደ ጉድ ነው የዘነበው፣ አዌቱም ሞልቶ ሲፈስ ነው የከረመው፣ ግቢው በሙሉ ጭቃ ነው።

ያቺን ፎቶ አልረሳኋትም። በ2014 ጥቅምት ላይ ከቶሮንቶ የላክሽልኝ፣ በረንዳሽ ላይ የቆመች ጥቁር ሽኮኮ፣ ከስሯ "አስታወስሽ?" ብለሽ ነበር። ያን ሰሞን እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ዛሬ ማታ እመልስላታለሁ ነገ እመልስላታለሁ ስል እናቴ አረፈች፣ አንቺም ሰምተሽ ስትደውዪ ስትደውዪ እኔ ስልኬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ያልተነሳ ስልክሽን ሁሉ ሳየው አፈርኩ፣ እንዲህ እያልኩ ይኸው አራት ዓመት ሊሞላን ነው። እናትሽ በቀደም "ከልጄ ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?" አለችኝ አይኔን እያየች። ኧረ በፍጹም አልኳት። አልተኳረፍንም አይደል? ይቅር በይኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን የምጽፍልሽ ለሌላ ሰው ብነግረው የማይገባው ነገር ስለገጠመኝ ነው። ሐምሌ 22 ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነው፣ ልጄ ከጓሮ እየሮጠ መጣና "እማዬ ሽኮኮ ሞታለች" አለኝ። ሽኮኮ ስልሽ የገደሏ ጭራ የሌላት አይደለችም፣ የዛፏ፣ ጭራዋ ላይ ቀለበት ቀለበት ያላት፣ ጠዋት ጠዋት ዋንዛው ላይ ተዘርግታ ፀሐይ የምትሞቀው። ሄጄ ሳይ የጎመኑ መደብ ጥግ ላይ ተጠቅልላ ወድቃለች፣ ፀጉሯ ረጥቦ ተጣብቆ የአይጥ ያህል አንሳ፣ የኋላ እግሯ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አለ፣ የጭራዋ ጫፍ ተበልቷል። ድመቷ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ሞታለች ብዬ ልሄድ ስል ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት፣ በጣም በቀስታ፣ ቆጥሬ ካልሆነ የማይታይ።

እመኚኝ ያኔ ልቤ ውስጥ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ልጄ አስር ዓመቱ ነው፣ እኛ በ1989 የነበርንበት እድሜ ማለት ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ያንቺ የያኔው ፊት ነበር። እኔ እሷን በድሮ ፎጣ ጠቅልዬ ሳነሳ እሱ ወደ ኩሽና እየሮጠ "ወተት ላሙቅላት" አለ፣ እንደኛው።

ሰርቪስ ቤቱን ያከራየሁት ልጅ የእንስሳት ህክምና ተማሪ ነው፣ ድሮ ግብርና ኮሌጅ እንለው የነበረው ግቢ ነው የሚማረው፣ አሁን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ሆኗል። ጩኸታችንን ሰምቶ ጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ወጣና "እትዬ ወተት እንዳትሰጡ! ምንም እንዳትሰጡ!" አለ። መጀመሪያ ሙቀት ነው አለን። የቀዘቀዘ እንስሳ ሆዱ አይሰራም፣ ምግብ ብትሰጪው እዛው ይቀመጥና ይገድለዋል። የዘይት ካርቶን አመጣን፣ በብሎን መፍቻ ጎኑን በሳሳነው፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በልጄ ካልሲ ሸፍኜ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ በኩል አስቀመጥኩት፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሙቀቱ ሲበዛባት ራሷ እንድትሸሽ። ከላይ በነጠላ ጋረድነውና የማንገባበት ጓዳ አስገባናት። ጨለማና ጸጥታ ከመድሃኒት እኩል ነው አለ ልጁ፣ የዱር እንስሳ ሰው ሲያባብለው አዳኝ የያዘው ነው የሚመስለው፣ በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል። ልጄን ከጓዳው በር ማራቅ ከሁሉ ከባዱ ስራ ነበር። እኔም ብትይ፣ በየአስር ደቂቃው ጆሮዬን በሩ ላይ እደቅን ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ገላዋ ሞቀ። ልጁ አንገቷ ጀርባ ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፣ ተነስቶ ቀረ፣ ቶሎ አልተመለሰም፣ ውሃ አንሷታል አለ። ከዛ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ በጥብጦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ ጠብታ ከንፈሯ ጥግ ላይ አደረገላት። አፏ ውስጥ አይደለም፣ ከንፈሯ ላይ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ። ጠብታዋ እዛ ቆየች። ሶስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እናያለን። ከዛ አንዲት ሮዝ ምላስ፣ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ወጥታ ላሰቻትና ተመለሰች። ልጄ እጄን ጨመቀኝ። ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣ እንደዛ አንድ ሰዓት ሙሉ።

እና ያኔ ነው የጠየቅኩት። ድሮ ልጆች ሆነን አንዲት ግልገል ሽኮኮ ከዛፍ ወድቃ አግኝተን፣ አይኗ ገና ያልተከፈተ፣ ከላም የታለበ ትኩስ ወተት በማንኪያ አጠጥተናት ሌሊት ሞተች አልኩት። ልጁ ትንሽ ዝም አለና "ወተቱ በአፍንጫዋ ወጥቶ ነበር?" አለኝ።

ወጥቶ ነበር። አንቺ በቀሚስሽ ጫፍ ስትጠርጊላት አስታውሳለሁ፣ "ጠገበች" ብለን ተደስተን ነበር እኮ። በአፍንጫ ከወጣ ወደ ሳንባም ገብቷል ማለት ነው አለኝ። ባይገባ እንኳ የላም ወተት ለነሱ ሆድ አይሆንም፣ ያስቀምጣቸውና ውሃቸውን ይጨርሰዋል። ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ በጨርቅ አጥብቄ ስለጠቀለልኳት ታፍና የሞተች ነበር የሚመስለኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ላንቺም። አንቺ ደግሞ ምን ይመስልሽ እንደነበር አላውቅም፣ ግን ያን ሌሊት እንደኔው ስታለቅሺ ነው ያደርሽው። ስለዚህ ልንገርሽ፣ ወተቱ ነበር። እጅሽም አይደለም እጄም አይደለም። ማንም አልነገረንም።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ይሄን ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ያን ቀን ዋንዛው ላይ እስኪመሽ ድረስ ጭጭጭጭ ስትል የነበረች ነገር ትዝ ይልሻል? ወፍ ናት ብለን ድንጋይ የወረወርንባት? ልጁ እንዳለው ሽኮኮ ግልገሏ ከወደቀባት አትተዋትም፣ ሰው ከራቀላት ወርዳ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ትመልሳታለች። ደህና የሆነች ግልገል ስታገኙ ማድረግ ያለባችሁ ቅርጫት ውስጥ ሙቅ ነገር አድርጎ እዛው ዛፉ ስር ትቶ፣ ድመትና ውሻ አርቆ፣ ጥቂት ሰዓት ከሩቅ መጠበቅ ነው አለን። ልጄ ይሄን ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ተነስቼ ወደ ውጪ ወጣሁ።

ይቺኛዋ ግን ትልቅ ናት፣ ቁስለኛም ናት፣ እሷን መተው አይሆንም ነበር። ድመት የነከሰው እንስሳ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የድመት ምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ አንቲባዮቲክ የግድ ነው። ለሰው የተሰራን ክኒን በግምት ቆርሶ መስጠት ደግሞ ሌላ መግደያ ነው፣ በክብደት ነው የሚሰላው። ካርቶኑን ታቅፈን ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ሄድንና በስኳር ሚዛን መዘንናት፣ ካርቶኑ ሲቀነስ 240 ግራም። ልጁ አስተማሪውን ጠይቆ መድሃኒቱን አመጣ፣ እኔ ጠዋትና ማታ በሰዓቴ ሰጠሁ። ቁስሉን በጨው ውሃ ነው ያጠብነው፣ አልኮል ያቃጥላታል ስጋዋንም ይጎዳል ብሎ ከለከለኝ።

በሶስተኛው ቀን ነከሰችኝ። ጨርቋን ልቀይር ጓንት ሳላደርግ እጄን አስገባሁ፣ ጥርሷ ብርቱካንማ ነው አይተሽ ታውቂያለሽ? አጥንቴ ድረስ ነው የገባው። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብኩትና ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ የቴታነስ መርፌ ተወጋሁ። ስለ እብድ ውሻ በሽታም ጠየቅኳቸው፣ እኛ አገር በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ከሽኮኮ መያዝ እጅግ ብርቅ ነው፣ ግን የነከሰሽን ሁሉ መጥተሽ ማሳየት ልክ ነው አሉኝ። ልጁ ግን የተነከስኩ እለት በጣም ደስ አለው፣ "እትዬ መናከስ ጀመረች ማለት ዳነች ማለት ነው" አለኝ።

ከዛ ወደ ዶሮ ቤቱ አዛወርናት። ዶሮዎቹን ካረድናቸው በኋላ ባዶውን ነበር፣ ወንፊት ሽቦው ግን ደህና ነው። ቅርንጫፍ አስገባንላት፣ ጥርሳቸው እድሜ ልኩን ስለሚያድግ የሚፋቅ ነገር ካላገኙ አፋቸውን መዝጋት እስኪያቅታቸው ይረዝማል። ኦቾሎኒ ትወዳለች፣ ጨው የሌለው፣ ግን ኦቾሎኒና በቆሎ ብቻ ከሆነ ካልሲየም ስለሌለው አጥንቷ ይሳሳል ተባልን፣ ስለዚህ ካሮት፣ ጎመን፣ የተቀቀለ ንጹህ አጥንትም አስቀመጥንላት። አጥንቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትፍቀው ድምፁ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። አጥሩን ተደግፋ "በቆሎዬን ቆፍራ የምትጨርስብኝን ሌባ ታክሚያለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘሩን ከመሬት አውጥተው ነው የሚበሉት። በማግስቱ ግን ሁለት እሸት በቀሚሷ ጠቅልላ መጣችና "ለሷ ነው፣ አንቺ እንዳትበዪው" አለችኝ። ከዛ በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ፍልሰታን እየጾመች በዛ ጉልበቷ ጭቃውን አቋርጣ ትመጣለች፣ በርጩማ አወጣላታለሁ፣ ከዶሮ ቤቱ ራቅ ብላ ቁጭ ትላለች፣ አታወራም። አንድ ቀን ስለ ወተቱ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እኔ ነኝ እኮ ያለብኩላችሁ" አለች። እጇን ይዤ ቁጭ አልን። ግልገሏን የቀበረቻትም እሷ ናት፣ እኛ ሳንነሳ ሌሊቱን፣ ጥጉ ላይ ባለው ቡና ስር፣ በሻሽ ጠቅልላ። ቡናው ተጎንድሎ እንደገና አቆጥቁጧል፣ ዘንድሮ ፍሬ ይዟል። ደውለሽ ጠይቂያት፣ ላንቺ ብትነግርሽ ደስ ይላታል መሰለኝ።

አርብ ነሐሴ 9 ጠዋት ለቀቅናት፣ 17 ቀን መሆኑ ነው። ያገኘናት ቦታ፣ ዋንዛው ስር፣ ፀሐይ ሲወጣ ጠብቀን፣ ድመቷን እናትሽ ቤቷ ዘግታባት። ልጄ እንያዛት፣ ለምዳናለች ብሎ አልቅሶ ነበር፣ እውነት ለመናገር አልለመደችንም ነበር፣ መልመድም አልነበረባትም። የዶሮ ቤቱን በር ከፍቼ ራቅ አልኩ። ወጣች፣ ሁለቴ ዘለለች፣ ቆመች፣ የተበላውን ጭራዋን አንዴ አርገፈገፈችና ግንዱ ላይ ተለጠፈች፣ ከዛ ወደ ላይ፣ የተነከሰው እግሯ አንዴ እንኳ ሳያድጣት። ከላይ ሆና ጭጭጭጭ አለች። ያ ድምፅ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ወፍ ያልነው።

በጭራዋ አውቃታለሁ፣ ፀሐይ በወጣ ጠዋት እዛው ቅርንጫፍ ላይ ናት። ቪዲዮ ቀርጬልሻለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚው፣ መጨረሻው አካባቢ ሲጢጥ የሚለው የእናትሽ የግቢ በር ነው፣ እሸት ይዛ እየመጣች ነበር።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ስልክ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ ማታ ማታ አነሳለሁ።

ያንቺው